ሳሎናችሁ በሽቦ ሳይተበተብ ሰራውንድ ሳውንድ ለማስገባት፦ ከስፒከሩ በፊት ሶኬቱን ቁጠሩ

እኛ ቤት ነገሩ የተጀመረው በአባቴ ጆሮ ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ማታ ማታ ዜናና ተከታታይ ድራማ ሳያዩ አይተኙም፣ ግን የቲቪው ድምፅ 50 ደርሶ እንኳን "ምን አለ? ምን አለች?" ይሉ ነበር፣ ከዛ ማስታወቂያ ሲገባ ቤቱ ይናወጣል፣ እናቴ ሪሞት ፍለጋ ትነሳለች፣ ሪሞቱ ሲገኝ ማስታወቂያው አልቋል፣ እንደገና "ምን አለ?" ይመጣል። በመጨረሻ ሳውንድ ሲስተም እንግዛ ተባለና ነገሩን ስለምወደው እኔ ያዝኩት። ያኔ የተሳሳትኩትንና ከዛ ወዲህ ለጓደኛ ለዘመድ ስመርጥ የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ በተለይ እንደኛ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ ግድግዳ መብሳት ለማይፈልግ፣ ምንጣፍ ስር ሽቦ ለማይወድ ሰው።

መጀመሪያ ግን ቲቪው ለምን እንደማይሰማ እንወቅ። ዘንድሮ የሚሸጡት ቲቪዎች ቀጭን ናቸው፣ ቀጭን ሲሆኑ ስፒከር የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌለ ትንንሾቹን ስፒከሮች ወደ ታች ወይ ወደ ኋላ አዙረው ነው የሚገጥሟቸው። ስለዚህ ድምፁ መጀመሪያ ቡፌውን ወይ ግድግዳውን ይመታና ነው ወደናንተ የሚመጣው፣ "ሰ" ከ"ሸ"፣ "ተ" ከ"ጠ" የሚለይበት ቀጭኑ ድምፅ ደሞ ፊት ለፊት ካልተላከ ቶሎ ይጠፋል። ድምፅ ስትጨምሩ ወፍራሙም አብሮ ይጨምራል፣ ቃሉ ግን ያው እንደታፈነ ነው። የአባቴ ችግር ጆሯቸው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ድምፅ ከፊትም ከኋላም በዙሪያችሁ እንዲመጣ ወደሚያደርገው ሰራውንድ ሳውንድ። ሳጥኑ ላይ "ዋየርለስ" የሚል ስታዩ ገመድ የለውም ማለት አይደለም። ዋየርለስ ማለት ከዋናው መሳሪያ ወደ ስፒከሩ ድምፅ የሚወስደው ሽቦ ቀረ ማለት ብቻ ነው። ስፒከሩ ውስጥ ያለው ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር መብራት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከቲቪው የሚመጣው ሽቦ ቀርቶ ከሶኬቱ የሚመጣ ገመድ ይተካል። ይሄን ሳያውቅ ገዝቶ ቤት ገብቶ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። እኛ ሳሎን 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ናት፣ ሶኬት ያለው ሁለት ቦታ ነው፣ አንዱ ከቲቪው ጀርባ አንዱ በሩ አጠገብ፣ ከትልቁ ሶፋ ኋላ ምንም የለም። የገዛሁት ደሞ የኋላ ስፒከሮቹ ሁለቱም ለየብቻ ሶኬት የሚፈልጉ ነበሩ፣ ከቲቪው ጋ በኤክስቴንሽን ጎትቼ በግድግዳው ዙሪያ አዞርኩት፣ ሽቦ እንዳይኖር ብዬ የገዛሁት ዕቃ ከሽቦ የወፈረ ገመድ ይዞልኝ መጣ፣ እናቴ ሁለት ጊዜ አደናቀፋት።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ሳሎናችሁን ሳሉ። ቲቪው የት ነው፣ ሶፋዎቹ የት ናቸው፣ በሩ በየት ይከፈታል፣ ሶኬቶቹ የት የት ናቸው። ከዛ መሰኪያ ቁጠሩ፦ ቲቪ አንድ፣ የዲሽ ሪሲቨር ሁለት፣ ዋይፋይ ሦስት፣ ሳውንድባር (ከቲቪው ፊት የሚቀመጠው ረጅሙ ስፒከር) አራት፣ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሳጥን) አምስት፣ የኋላ ስፒከር ሁለት ሲሆን ሰባት ደረሰ። ይሄን ሁሉ አንድ ሶኬት ላይ በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር እየቀጠሉ መሰካት አደጋ አለው፣ በተለይ እዛው ላይ የሻይ ማፍያም የሚሰካ ከሆነ ዲቫይደሩ ይግላል። ሶፋው ጋ ሶኬት ከሌለ አሁኑኑ እወቁት፣ ምርጫችሁን ከምንም በላይ የሚወስነው እሱ ነው፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው እንደ 5.1 ያለው ቁጥር አይደለም።

ስለ ቁጥሩ ካነሳን ደሞ ቶሎ ልበለው። የመጀመሪያው ቁጥር ዙሪያችሁን ያሉት የድምፅ መስመሮች ብዛት ነው፣ ሁለተኛው ቤዙ ነው፣ ሦስተኛ ካለ ወደ ላይ የሚተኩሱት ናቸው። 2.1 ማለት ግራ፣ ቀኝና ቤዝ። 3.1 ሲሆን መሀል ላይ ሴንተር የሚባል ይጨመራል። 5.1 ሁለት የኋላ ይጨምራል። 5.1.2 ደሞ ሁለት ወደ ኮርኒስ የሚያዩ ስፒከሮች አሉት፣ ድምፁ ኮርኒስ መትቶ ከላይ የሚመጣ እንዲመስል ነው፣ ይሄ ዶልቢ አትሞስ ከሚባለው ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፣ አትሞስ ሲኒማ ቤት የገባው በ2012 ሲሆን ወደ ቤት ዕቃ የመጣው በ2014 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዛው ናቸው። ለዚህ ኮርኒሱ ጠፍጣፋና ድምፅ የሚመልስ መሆን አለበት፣ ከፍታውም ከ2 ሜትር ተኩል አካባቢ እስከ 3 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው ጥሩ የሚሰራው። የኮንዶሚኒየም የኮንክሪት ጣሪያ ለዚህ ይመቻል፣ ያዘመመ ኮርኒስ ወይ እንጨትና ጨርቅ የተወጠረበት ከሆነ ግን ለዛ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

ከሁሉም በላይ አደራ የምለው ሴንተሩን ነው። ፊልምም ሆነ ድራማ በ5.1 ሲቀረጽ ሰው የሚያወራው በአብዛኛው ሴንተር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ለዚህ ብቻ የተመደበ ስፒከር ካለ ወሬው ከሙዚቃውና ከፍንዳታው ተለይቶ ይወጣል፣ ብዙዎቹም ሪሞት ላይ የሴንተሩን ድምፅ ብቻ ለይታችሁ እንድትጨምሩ ያደርጋሉ። ከዲሽ የሚመጡት የኛ ቻናሎችና ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው ድራማዎች ደሞ በአብዛኛው ስቴሪዮ ናቸው፣ ማለቴ ግራና ቀኝ ብቻ፣ የኋላ ድምፅ የሚባል ከመነሻውም የላቸውም፣ ሳውንድባሩ ነው ስቴሪዮውን ተቀብሎ ሁለቱ ላይ እኩል ያለውን ነጥሎ ወደ ሴንተር የሚልከው። እንግዲህ አስቡት፣ ቤታችሁ የሚታየው ከአስር ዘጠኙ ዜና፣ ድራማና ኳስ ከሆነ ሁለት የኋላ ስፒከር ገዝቶ ሶኬት ከመፈለግ ጥሩ ሴንተር ያለው 3.1 ገዝቶ መገላገል በጣም ይሻላል። እኔ ዛሬ ብመርጥ ለወላጆቼ ቤት ከዚህ ውጪ አላይም። ሶኬት የሚፈልግ ሁለት ገመድ ነው ያለው፣ የባሩና የቤዙ፣ እነሱም ከቲቪው ጀርባ ይደበቃሉ።

ፊልም የሚወድ፣ ኔትፍሊክስ ከፍሎ የሚያይ፣ ጌም የሚጫወት ሰው ግን የኋላውን ይፈልጋል፣ እሱን አልከራከርም፣ ዝናብ ከኋላ ሲዘንብ የሚሰጠው ስሜት ሌላ ነው። እዚህ ጋ ግን የኛን የሶፋ አቀማመጥ ማሰብ ያስፈልጋል። በመመሪያው ላይ የምታዩት ስዕል ሶፋው ሳሎኑ መሀል ነው፣ ከኋላው ባዶ ቦታ አለ፣ ስፒከሮቹ እዛ ይቆማሉ። የኛ ሳሎን እንደዛ ነው እንዴ? ሶፋው ሦስቱን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚዞረው፣ መሀሉ ለጠረጴዛና ለቡና ነው። ከትልቁ ሶፋ ኋላ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ደግነቱ የ5.1 የኋላ ስፒከር የግድ ከጀርባ መሆን የለበትም፣ ፊታችሁን ወደ ቲቪው አድርጋችሁ ስትቀመጡ ከጎናችሁ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በዲግሪ ሲለካ ከ100 እስከ 120 ባለው ላይ ነው ቦታው። ስለዚህ ከትልቁ ሶፋ ግራና ቀኝ ጫፍ፣ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ወይ የአበባ ማስቀመጫ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ ቢል ጥሩ ነው፣ ፊቱ ደሞ ሰው ጆሮ ላይ ሳይሆን በተቀመጡት ሰዎች ራስ ፊት አቋርጦ ወደ ተቃራኒው ጎን እንዲያይ። እንደዛም ሆኖ የጎን ሶፋው ላይ የሚቀመጠው እንግዳ አንዱን ስፒከር ጆሮው ስር ነው የሚያገኘው፣ እሱን ለማቅለል የኋላዎቹን ድምፅ ሁለት ሦስት ደረጃ ቀንሱት።

የኋላ ስፒከር ያላቸው ሲስተሞች በገመድ በኩል ሲታዩ አራት ዓይነት ናቸው፣ ስማቸውን የምጠራው ዓይነቱን እንድታውቁ ብዬ ነው እንጂ ይሄን ግዙ ለማለት አይደለም።

አንዱ የኋላዎቹ በሽቦ የሚመጡበት ነው፣ እንደ ሶኒ ኤችቲ-ኤስ20አር። ዋጋው ይቀላል፣ ድምፁም ለብሩ ጥሩ ነው፣ ግን ሽቦው ሳሎኑን ዞሮ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ለዚህ ጽሁፍ አይሆንም። ሁለተኛው የኋላዎቹ ሁለቱ አንድ ትንሽ ሳጥን ላይ በሽቦ የሚሰኩበት፣ ሳጥኗ ደሞ ሶኬት ላይ ተሰክታ ከዋናው ጋር በአየር የምትገናኝበት ነው፣ የሶኒ ኤችቲ-ኤስ40አር እንደዚህ ነው፣ ሳምሰንግም ለብዙ ሳውንድባሮቹ ለብቻው የሚሸጠው እንዲህ ያለ ተጨማሪ አለው። ጥቅሙ ከሶፋው ጀርባ አንድ ሶኬት ብቻ መፈለጉ ነው፣ ከሳጥኗ ወደ ሁለቱ ስፒከሮች የሚሄደው ሽቦ ሶፋው ጀርባ ስለሚውል አይታይም። ለኛ ዓይነት ሳሎን ይሄኛው በጣም ይመቻል። ሳምሰንግ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ተጨማሪው ኪት ከየትኛው ሳውንድባር ጋር እንደሚሰራ ሞዴል በሞዴል የተለየ ነው፣ ሁለቱም ሳምሰንግ ስለሆኑ ብቻ አይገጥሙም።

ሦስተኛው ሁለቱም ስፒከር ለየብቻ ሶኬት የሚፈልግበት ነው፣ የሶኖሶቹ እንደዛ ናቸው፣ የሳምሰንግ ኤችደብልዩ-ኪው990 ቤተሰብም እንደዛው፣ ሶኒ በ2021 ያወጣው ኤችቲ-ኤ9 ደሞ ባር የሚባል ነገር የለውም፣ አራት ስፒከር በየጥጉና ቲቪው ጋ የምትሆን አንድ መቆጣጠሪያ ሳጥን ነው፣ አምስት ሶኬት ማለት ነው። ድምፃቸው ያስገርማል፣ ዋጋቸውም እንደዛው፣ ግን አራቱም ጥግ ሶኬት ያለው ቤት ያለው ሰው ነው የሚጠቀምባቸው። ሶኖስን የሚያስብ ሰው ደሞ አስቀድሞ ይወቅ፣ ዋይፋይና ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ይፈልጋል፣ ኢንተርኔት በዳታ ብቻ ለሚጠቀም ቤት አይመችም።

አራተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፣ የኋላ ስፒከሮቹ ባትሪ ያላቸው። የጄቢኤል ባር 800 እና ባር 1000 እንደዚህ ናቸው፣ ሁለቱ ስፒከሮች የባሩ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ተለጥፈው ይሞላሉ፣ ፊልም ሲጀመር ነቅላችሁ ሶፋው ጋ ትወስዷቸዋላችሁ፣ ሲያልቅ መልሳችሁ ትለጥፏቸዋላችሁ። አንድ ጊዜ ሲሞሉ እስከ 10 ሰዓት ይሄዳሉ ነው የሚባለው። እንግዳ ሲመጣ፣ ልጅ ሲሯሯጥ፣ ቡና ሲፈላ መሀል ላይ ምንም ነገር የለም። ጓደኛዬ ቤት አይቼዋለሁ፣ የኋላውን ይዞ ሄዶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የአምስት ሰከንድ ስራ ነው። የማልወደው ነገር ባትሪ ዕድሜ አለው፣ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ መድከሙ አይቀርም፣ ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ነቅላችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሰሙት።

ከቲቪው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚፈለገው አንድ ኤችዲኤምአይ ኬብል ብቻ ነው፣ ግን ቲቪው ላይ ካሉት ቀዳዳዎች "አርክ" ወይ "ኢአርክ" ተብሎ የተጻፈበት ላይ ነው የሚሰካው፣ ሌላው ላይ ብትሰኩት ዝም ይላል። አርክ ድምፅን ከቲቪ ወደ ሳውንድባር የሚመልስ መንገድ ነው፣ በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ፣ ኢአርክ ደሞ በ2017 ከ2.1 ጋር የመጣው ሰፊው መንገድ ነው። ዲሹ፣ ፍላሹ፣ ጌሙ፣ ሁሉም ቲቪው ላይ ተሰክቶ ድምፁ በዚህ በአንዱ ኬብል ይሄዳል፣ የቲቪው ሪሞትም የሳውንድባሩን ድምፅ ይቀንስ ይጨምራል፣ ለአባቴ ትልቁ ነገር ይሄ ነው የሆነው፣ ሁለት ሪሞት አላስተማርኳቸውም። ለዚህ ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሳምሰንግ ከሆነ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ከሆነ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ከሆነ ብራቪያ ሲንክ የሚለውን ማብራት አለባችሁ።

ቲቪያችሁ አርክ ከሌለው ኦፕቲካል የምትባል ቀይ ብርሃን የምታወጣ ቀዳዳ ፈልጉ፣ እሷ 5.1 ታሳልፋለች፣ አትሞስ ግን አታሳልፍም። እሷም ከሌለች የሄድፎን ቀዳዳው አለ፣ ስቴሪዮ ብቻ ነው ግን ለ3.1 ይበቃል። በብሉቱዝ ማገናኘትን ግን ተዉት፣ ገመድ የሌለው ስለሆነ ያጓጓል፣ ግን ስቴሪዮ ብቻ ከመሆኑም ሌላ ድምፁ ይዘገያል፣ የሰውየው አፍ ተዘግቶ ቃሉ በኋላ ይመጣል። ድምፅ ከምስል ከ125 ሚሊሰከንድ በላይ ሲዘገይ ተመልካች እንደሚያስተውለው በዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት መመሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ተራ ብሉቱዝ ደሞ ይሄን በቀላሉ ያልፈዋል። ብሉቱዙ ለመዝሙርና ለዘፈን ከስልክ ይሁን።

ሌላ ደሞ ቲቪው ውስጥ "ዲጂታል ሳውንድ አውትፑት" የሚል አለ፣ ፒሲኤም ላይ ከሆነ በአርክ የሚሄደው ስቴሪዮ ብቻ ነው፣ 5.1 ገዝታችሁ በ2 ነው የምትሰሙት። ቢትስትሪም ወይ አውቶ ወይ ፓስስሩ የሚለው ላይ አድርጉት። ስንት ሰው ቤት ሄጄ ይሄን አንዷን ቀይሬ የኋላ ስፒከሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሩ አይቻለሁ።

ፊልም በፍላሽ አስጭናችሁ የምታዩ ካላችሁ ይሄን ያዙ። የአንዳንድ ፊልሞች ድምፅ ዲቲኤስ በሚባለው የድምፅ ዓይነት ነው የሚቀመጠው፣ ሳምሰንግ ደሞ ከ2018 የቲቪ ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን ትቶታል፣ ስዕሉ ይመጣል ድምፁ አይመጣም፣ ሰው ሳውንድባሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ፊልም ሲጭንላችሁ ልጁን የድምፁ ዓይነት ዶልቢ ወይ ኤሲ3 የሆነውን ስጠኝ በሉት።

አሁን የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። ከገዛነው በፊት ዘመድ ከአሜሪካ አንድ ሲስተም ይዞልን መጥቶ ነበር፣ በሻንጣ፣ በስንት ድካም። ባሩን ሰካሁት ሰራ፣ በዛው ልቤ ሞቆ ቤዙንም ሰካሁት፣ ጧ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ አለቀ። የባሩ አዳፕተር ላይ "100-240 ቮልት" ይላል፣ የቤዙ ጀርባ ላይ ግን "120" ብቻ ነበር የሚለው፣ እኔ አንዱን አይቼ ሁለተኛውን አላየሁም። አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220፣ ከአሜሪካም ከካናዳም የሚመጣ ዕቃ ላይ እያንዳንዱን፣ ባሩን፣ ቤዙን፣ የኋላ ስፒከሮቹን ለየብቻ ገልብጣችሁ የኋላውን ጽሁፍ አንብቡ። 100-240 ካለ ያለ ስጋት ይሰካል። 110 ወይ 120 ብቻ ካለ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ ዋቱም ዕቃው ላይ ከተጻፈው እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ያ ደሞ ሌላ ከባድ ሳጥን ሳሎን ውስጥ መጨመር ነው፣ ከመጀመሪያው ለዘመዳችሁ ፎቶ ልኮ እንዲያነብላችሁ ብትጠይቁት ይሻላል። ከዱባይ፣ ከእስራኤል ወይ ከአውሮፓ የሚመጣው 230 ስለሆነ ችግር የለውም፣ የዱባዩ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስላለው ማስማሚያ ብቻ ነው የሚፈልገው።

መርካቶም ሆነ መገናኛ ስትዞሩ ሳጥኑ ላይ 5000 ዋት፣ 10000 ዋት የሚል ታያላችሁ፣ አጠገቡ ፒኤምፒኦ ይላል፣ ለቅጽበት ብቻ ይደረስበታል የሚባል የማስታወቂያ ቁጥር ነው። ያን ቁጥር እርሱት። ዕቃውን አዙሩና ከሶኬት የሚወስደው ስንት ዋት እንደሆነ አንብቡ፣ 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ሳያቋርጥ 5000 ዋት ሊያወጣ አይችልም፣ ከየት አምጥቶ? የምትፈልጉት አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚያወጣውን ነው፣ ለ4 በ4 ሳሎን ደሞ ትልቅ ዋት አያስፈልግም።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ሁሌም ቤዙ የሚያንቀጠቅጥ ዘፈን ነው የሚከፍተው። እናንተ ስልካችሁ ላይ ዜና ወይ ድራማ ይዛችሁ ሂዱና እሱን አሰሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቃሉ ጥርት ብሎ ከተሰማችሁ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ሁሉንም ስፒከር ካስነሱ በኋላ ሶኬቱን ከነዲቫይደሩ አጥፉት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሱት። ቤዙና የኋላዎቹ ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ከባሩ ጋር ተገናኝተው ድምፅ ማውጣት አለባቸው። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ከሶፋው ጀርባ እየገቡ ማገናኛ ቁልፍ መጫን ሰው ያሰለቻል። አንዳንድ ሻጭ ይሄን ስትጠይቁት ፊቱን ያጠቁራል፣ ግድ የለም፣ ብሩ የናንተ ነው። ለመብራቱ ደሞ መልሶ ሲመጣ የሚዘገይ፣ ከ220 በጣም ከፍ ወይ ዝቅ ሲል የሚያቋርጥ መከላከያ ወይ ስቴብላይዘር ግዙ፣ ቲቪውም ባሩም በሱ ይሁን።

ቤት ስትገቡ ባሩን ቡፌው ውስጥ መደርደሪያ ውስጥ አታስገቡት፣ ከላይ ይሁን፣ ጫፉም ከቡፌው ጫፍ ጋር እኩል፣ ወደ ውስጥ ከገባ ድምፁ የእንጨቱን ፊት እየመታ ይደፈናል፣ ከፊቱ ደሞ ፎቶና አበባ አትደርድሩ። ዋይፋይ ሳጥኑን ከባሩና ከቤዙ አንድ ሜትር ያህል አርቁት፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ዋይፋይ ራሱ ብዙ ስለሆነ ድምፁ እየተቆራረጠ ካስቸገራችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ቤዙ የት እንደሚቀመጥ በግምት አትወስኑ። አንድ ዘዴ አለ፣ ቤዙን ራሱን እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አስቀምጡት፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፈን ክፈቱና ቤዙን ልታስቀምጡበት ያሰባችሁበት ቦታ ሁሉ እየሄዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ ስሙ። አንዱ ቦታ ላይ ይጮሃል፣ አንዱ ላይ ይጠፋል፣ አንዱ ላይ ልክ ይሆናል፣ ልክ የሆነበት ቦታ ሶኬት ካለው እዛ አስቀምጡት። እኛ ቤት ማዕዘኑ ላይ እንደ ከበሮ ነው የሚያስተጋባው፣ ቡፌው አጠገብ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ሲሆን ግን ጥርት አለ። ከስሩ ወፍራም ላስቲክ ወይ የታጠፈ ምንጣፍ አድርጉለት፣ ወለሉን እንዳያንቀጠቅጥ። ግን ከታች ያለው ጎረቤት ምንም አይሰማም ብላችሁ አታስቡ፣ ወፍራም ድምፅ ኮንክሪት ያልፋል፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ናይት ሞድ የሚለውን አብሩት፣ ትልቁን ድምፅ ዝቅ ትንሹን ከፍ ያደርጋል፣ ለአባቴም ማስታወቂያው እንዳያስደነግጣቸው የረዳው ይሄው ነው።

ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ውስጥ መሀል ላይ ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፣ ጭብጨባው እየተንቀጠቀጠ ትንሽ ከቆየ ድምፁ እየተመለሰ ነው ማለት ነው፣ የፈለገውን ያህል ውድ ዕቃ ብትገዙ ቃሉ ይደበዝዛል። ወፍራም መጋረጃና መሀል ላይ ምንጣፍ ብዙ ያስተካክላል፣ እኛ ቤት ምንጣፉ ለበዓል ብቻ ነበር የሚነጠፈው፣ አሁን ሁልጊዜ ተነጥፏል።

በመጨረሻ ሴቲንጉ ውስጥ ቴስት ቶን የሚል ካለ እያንዳንዱ ስፒከር በተራው ሲጮህ እናንተ ቦታችሁ ላይ ሆናችሁ ሁሉም እኩል እስኪሰማ ድረስ አስተካክሉ፣ ርቀት የሚጠይቅ ከሆነ በሜትር ለኩና አስገቡ፣ ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት መሳሪያው ቅርቡን አዘግይቶ ከሩቁ ጋር ያገናኘዋል። ሴንተሩን ከሌሎቹ ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጉት። እኛ ጋ አሁን ቲቪው 14 ላይ ነው የሚያድረው።